የሞተር ዘይት መደባለቅ፦ የቱ ያሰጋል፣ የቱ አያሰጋም?

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ወጥቷል፤ የሞተር ዘይትም ከዚህ አላመለጠም። በዚያው ዓመት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከሉ ደግሞ አሁን በእጅ ያለው ቪትዝ ወይም ሚኒባስ ከታሰበለት በላይ ብዙ ዓመት እንዲያገለግል ይፈለጋል። በጎጃም በዚህ ላይ የመንገድ መቆራረጥ ሲጨመርበት ባለመኪናው የለመደው ዘይት ከደብረ ማርቆስም ከፍኖተ ሰላምም ሱቅ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ሙሉ ጋሎን ይገዛ የነበረው ሰው በሊትር እያስቀዳ ይጨምራል፤ ያገኘውንም ካለው ላይ ያክላል።

ክርክሩ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ወገን “ሲንተቲክና ተራ ዘይት ከተገናኙ ይረጋሉ፣ ሞተሩም ይነክሳል” ይላል። ሌላው “ዘይት ዘይት ነው፤ ዋናው አለመጉደሉ ነው” ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። ችግሩ የመጀመሪያው የሚፈራው መፈራት የሌለበትን መሆኑ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በእርግጥ ሞተር የሚያጠፋውን ድብልቅ አብሮ ያሳልፋል።

ጋሎኑ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

የሞተር ዘይት አብዛኛው ክፍል መሠረታዊ ዘይት ነው። ቀሪው፣ እንደ ዓይነቱ ከ10 እስከ 25 በመቶ ገደማ፣ ተጨማሪ ኬሚካል ወይም አዲቲቭ ይባላል። መሠረታዊ ዘይቶችን የአሜሪካ የነዳጅ ተቋም (ኤ.ፒ.አይ.) በ5 ምድብ ይከፍላቸዋል። አንደኛውና ሁለተኛው ከድፍድፍ ነዳጅ ተጣርተው የሚወጡ ናቸው፤ በተለምዶ ሚኒራል የሚባሉት እነሱ ናቸው። ሦስተኛውም መነሻው ድፍድፍ ነዳጅ ነው፤ ነገር ግን በከፍተኛ ሙቀትና በሃይድሮጂን ግፊት እንደገና ስለሚሠራ በብዙ አገር “ሲንተቲክ” ተብሎ ይሸጣል። አራተኛው በፋብሪካ ከኬሚካል ተገጣጥሞ የሚሠራ ነው። አምስተኛው ከእነዚህ ውስጥ የማይመደበውን ሁሉ ይይዛል።

አዲቲቮቹ የሥራ ድርሻ አላቸው። የካልሲየምና የማግኒዥየም ውህዶች ቆሻሻ ያጥባሉ፣ አሲድም ያመክናሉ። ሌሎቹ ጥቀርሻው እንዳይጓጉል በትነው ይይዙታል። የዚንክና የፎስፈረስ ውህድ ብረት ከብረት በሚፋተግበት ቦታ ላይ ስስ መከላከያ ሽፋን ይሠራል። አረፋ የሚከላከል አለ። ዘይቱ ሲሞቅ ከልክ በላይ እንዳይቀጥን የሚያደርግ ረጅም ሞለኪውል ያለው ፖሊመርም አለ።

“ይረጋል” የሚለው ስጋት ከየት መጣ?

በመደበኛ ገበያ የሚሸጥ የመኪና ሞተር ዘይት፣ ሲንተቲክም ሆነ ሚኒራል፣ ሲደባለቅ አይረጋም፣ አይለያይም። ለዚህ ሩቅ ሳይሄዱ ማስረጃ ይገኛል፤ “ሴሚ-ሲንተቲክ” ተብሎ የሚሸጠው ዘይት ራሱ ፋብሪካ ውስጥ የተደባለቀ ሚኒራልና ሲንተቲክ ነው። ከዚህም በላይ አንድ የቤንዚን ሞተር ዘይት የአሁኑን የኤ.ፒ.አይ. ደረጃ እንዲያሟላ ከተመረጡ ማጣቀሻ ዘይቶች ጋር ተቀላቅሎ፣ ቀዝቅዞና ሞቆ፣ አለመለያየቱ በላቦራቶሪ ይፈተናል። ዘይት ሲቀየርም ቢሆን አሮጌው በሙሉ አይወጣም። በየቱቦውና በየጉድጓዱ የሚቀረው ከአዲሱ ጋር ይቀላቀላል። ዘይት ቀይሮ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ዘይት ደባልቆ ያውቃል ማለት ነው።

ስጋቱ ግን ከባዶ አልተነሳም። ፖሊ ግላይኮል የሚባለው ሰው ሠራሽ ዘይት፣ በአንዳንድ የአየር ማቀዝቀዣ ኮምፕረሰሮችና የፋብሪካ ማሽኖች ውስጥ የሚገኘው፣ ከሚኒራል ዘይት ጋር በእርግጥ አይዋሃድም። ቀደም ያሉት አንዳንድ ሲንተቲኮችም የዘይት ላስቲኮችን ያሳብጡ ወይም ያኮማትሩ ነበር። ወሬው ከዚያ ተነስቶ ለሁሉም ዘይት ተዳረሰ።

ኮፓ (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ) ሲፈታ የሚገኘው ጥቁር ጭቃስ? ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ድብልቁ አይደለም፤ መቀየሪያ ጊዜው ያለፈ ዘይት፣ የሞተር ሙቀት መብዛት፣ ወይም ነዳጅ ወደ ዘይቱ መውረድ ነው። ዘይቱ የወተት ቡና መልክ ይዞ ከተገኘ ደግሞ ውኃ ገብቶበታል። ያኔ የሚመረመረው የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ወይም የዘይት ማቀዝቀዣው ነው። ባለፈው ሳምንት የተጨመረውን ዘይት ማማረር ጊዜ ከማባከን ያለፈ አይጠቅምም።

ቁጥሮቹ ሲገናኙ

በጋሎኑ ላይ 5ደብሊው-30 ወይም 20ደብሊው-50 ተብሎ የሚጻፈው የዘይቱን ውፍረት ያሳያል፤ ውፍረት ማለት እዚህ ላይ ለመፍሰስ ያለው እምቢታ ነው። ከ“ደብሊው” በፊት ያለው ቁጥር የቅዝቃዜ ደረጃው ነው። ኋላ ያለው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ምን ያህል ወፍራም ሆኖ እንደሚቆይ ይናገራል። በአሜሪካ የመኪና መሐንዲሶች ማኅበር (ኤስ.ኤ.ኢ.) ደረጃ መሠረት በዚህ ሙቀት 30 ቁጥር ከ9.3 እስከ 12.5፣ 40 ቁጥር ከ12.5 እስከ 16.3፣ 50 ቁጥር ከ16.3 እስከ 21.9 ሴንቲስቶክ ነው። ሴንቲስቶክ የውፍረት መለኪያ ነው።

እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራ። 11 ሴንቲስቶክ የሆነ 5ደብሊው-30 እና 19 ሴንቲስቶክ የሆነ 20ደብሊው-50 አሉ እንበል። እኩል በእኩል ቢደባለቁ ውጤቱ 14.3 አካባቢ ይወጣል። የሁለቱ አማካይ 15 ነበር፤ ውፍረት ግን በቀጥታ አይደመርም፣ ወደ ቀጭኑ ያደላል። 14.3 በ40 ቁጥር ክልል ውስጥ ስለሚወድቅ መኪናው የሚሄደው በ40 ቁጥር ዘይት ነው ማለት ነው። በ3 ሊትር ቀጭኑ ላይ 1 ሊትር ወፍራሙ ቢጨመር 12.5፣ ልክ በ30 እና በ40 ድንበር ላይ ይሆናል። በ3.5 ሊትር ላይ ግማሽ ሊትር ብቻ ቢታከል ግን 11.7 ነው፤ አሁንም 30 ቁጥር።

ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ነገር ቀላል ነው። 4 ሊትር በሚይዝ ሞተር ላይ ግማሽ ሊትር የተለየ ውፍረት ያለው ዘይት መጨመር የዘይቱን ደረጃ አይለውጥም። 1 ሊትር ከሆነ ድንበሩ ይነካል። ከዚያ በላይ ከሆነ ሌላ ዘይት ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ከዘይቱ ስም በፊት የሚጠየቀው “ስንት ሊትር በሚይዝ ላይ ስንት ገባ?” የሚለው ነው። ከ20 ሊትር በላይ የሚይዝ ሲኖትራክ ላይ 1 ሊትር ምንም አይደለም። 1 ሊትር ገደማ በሚይዝ ባጃጅ ላይ ግን አንድ ብርጭቆ እንኳ ሩብ ይሆናል።

ብርድ ነው ወይስ ሙቀት?

የጎጃም ደጋ ብርድ በዚህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ይነሳል። ደረጃዎቹ የሚለኩበት ቅዝቃዜ ግን እዚህ የለም፦ የ20ደብሊው የማስነሻ ፈተና የሚደረገው ከዜሮ በታች በ15 ዲግሪ፣ የ15ደብሊው በ20፣ የ5ደብሊው በ30 ነው። ደብረ ማርቆስም እንጅባራም ያን ያህል አይቀዘቅዙም። ቢሆንም ወፍራም ዘይት በማለዳ ወደ ሞተሩ ራስ ለመድረስ ይዘገያል፤ በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ ያለው መፋተግ ደግሞ ቀላል አይደለም። በተለይ እንደ ቪትዝና ያሪስ ያሉት፣ የባልቦላ መክፈቻ ጊዜን በዘይት ግፊት የሚቆጣጠሩ ሞተሮች፣ ለቀጭን ዘይት የተሠሩ ናቸው። በእነሱ ላይ 20ደብሊው-50 በብዛት ሲጨመር መቆጣጠሪያው ይዘገያል፤ አንዳንዴም የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት ይበራል።

ጎጃምን በእውነት የሚፈትነው ግን ቁልቁለቱና ዳገቱ ነው። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ደጀን ተነስቶ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ መኪና ድልድዩ ጋ ሲደርስ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከዚያ ጤፍ እንደጫነ በከባድ ማርሽ ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል። በዚህ ዳገት ላይ ዘይቱ ከመደበኛው በላይ ይሞቃል፣ ይቀጥናል። 40 ቁጥር በሚፈልግ አሮጌ የናፍጣ ሞተር ላይ “ሲንተቲክ ነው፣ ይሻላል” ተብሎ ብዙ 5ደብሊው-30 ከተጨመረበት የሚያሰጋው እዚህ ላይ ነው። የዘይት ግፊት ይወርዳል፤ የክራንክ ሻፍቱን (የፒስተኖቹን ግፊት ወደ ዙር የሚለውጠውን ዘንግ) ከተሸካሚው የሚለየው የዘይት ሽፋንም ይሳሳል። ውድ መሆኑ አያድነውም።

በየሱቁ በብዛት የሚገኘው ያለ “ደብሊው” የሚጻፈው 40 ቁጥር ከ15ደብሊው-40 ጋር ሲደባለቅ በሙቀት ጊዜ ያው 40 ቁጥር ሆኖ ይቆያል። የሚቀንሰው የማለዳ ፍሰቱ ብቻ ነው። ለአሮጌ አይሱዙ ይህ ከሚያስጨንቁት ድብልቆች አይደለም።

የናፍጣ ዘይት በቤንዚን፣ የቤንዚን በናፍጣ

ኤ.ፒ.አይ. የቤንዚን ሞተር ዘይትን በ“ኤስ”፣ የናፍጣን በ“ሲ” ይጀምራል። ኤስ.ኤል እ.ኤ.አ. በ2001፣ ኤስ.ኤን በ2010፣ ኤስ.ፒ በ2020 የወጡ ናቸው። በናፍጣ በኩል ሲ.ኤች-4 በ1998፣ ሲ.አይ-4 በ2002፣ ሲ.ኬ-4 በ2016 መጨረሻ ወጥተዋል። ሁለተኛው ፊደል በገፋ ቁጥር ዘይቱ የቅርብ ጊዜ ነው። “ሲ.አይ-4/ኤስ.ኤል” ተብሎ በአንድ ላይ የተጻፈበት ዘይት ለሁለቱም ተፈትኗል፤ በእንዲህ ያለው ላይ ክርክር አያስፈልግም።

የናፍጣ ዘይት በቤንዚን መኪና ላይ ሲጨመር ወዲያው የሚታይ ጉዳት የለም። የዚንክና የፎስፈረስ መጠኑ ከፍ ያለ ስለሆነ ዘይት የሚበላ ሞተር ከሆነ በጊዜ ብዛት የጭስ ማውጫውን ማጣሪያ (ካታሊቲክ ኮንቨርተር) ያዳክማል። አዲሱ የቤንዚን ደረጃ በቀጭኖቹ ዘይቶች ላይ ፎስፈረስን በ0.08 በመቶ የሚገድበው ለዚህ ነው። ተቃራኒው ግን የባሰ ነው። የናፍጣ ሞተር ጥቀርሻ ያመርታል፤ በነዳጁ ውስጥ ያለው ድኝም አሲድ ይሆናል። የቤንዚን ዘይት አሲድ የማምከን አቅሙ፣ ቲ.ቢ.ኤን. በሚባለው መለኪያ፣ በብዛት ከ6 እስከ 8 ሲሆን የሲ.አይ-4 ዘይት ከ10 እስከ 12 ይደርሳል። ለናፍጣ መኪና ግማሽ ሊትር የቤንዚን ዘይት ለአንድ መንገድ ያደርሳል፤ በዚያው ወር ከወር መቀጠል ግን ዘይቱን በጥቀርሻ ያወፍረዋል፣ ተርቦውንም ይጎዳል።

የጭስ ማጣሪያ (ዲ.ፒ.ኤፍ.) ያላቸው አዳዲስ የናፍጣ መኪኖች ለብቻቸው ናቸው። አመዱ አነስተኛ የሆነ ዘይት ይፈልጋሉ። ተራው የናፍጣ ዘይት ሲቃጠል የሚተወው አመድ ማጣሪያውን ይደፍናል፤ አመድ ደግሞ እንደ ጥቀርሻ በሙቀት ተቃጥሎ አይጠፋም።

በፍጹም መደባለቅ የሌለበት

“90 ቁጥር” ተብሎ የሚጠራው የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት ከ50 ቁጥር እጅግ የሚወፍር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ዘይት የሚበላ ሞተር “እንዲያወፍርለት” ተብሎ የሚጨመረውም በዚህ ግምት ነው። ቁጥሮቹ ግን ከሁለት የተለያዩ ሠንጠረዦች የመጡ ናቸው። 90 ቁጥር የማርሽ ዘይት በ100 ዲግሪ ከ13.5 እስከ 18.5 ሴንቲስቶክ ነው፤ ከ40 ወይም ከ50 ቁጥር የሞተር ዘይት ብዙም አይለይም። የተፈለገው ውፍረት አይገኝም፣ ያልተፈለገው ኬሚካል ግን ይገባል፦ ጂ.ኤል-5 የተባለው የማርሽ ዘይት የማርሽ ጥርስን ከከባድ ጫና የሚጠብቅ የድኝና የፎስፈረስ ውህድ ይዟል፤ ይህ በሞተር ሙቀት ውስጥ መዳብ ያለባቸውን ተሸካሚዎች ይበላል። ቆሻሻ የሚያጥበውና ጥቀርሻ የሚበትነው አዲቲቭም የለውም።

የፍሬን ዘይት ከዚህም የከፋ ነው። ከሞተር ዘይት ጋር አይዋሃድም፣ የሞተሩን ላስቲኮችም ያሳብጣል። የአውቶማቲክ ካምቢዮና የመሪ ዘይት ለሞተር በጣም ቀጭን ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር ብዙ ጊዜ ሳይታሰብ ይገባል፤ የምግብ ዘይት። በሊትር የሚቀዳ የሞተር ዘይት የሚያዘው ብዙ ጊዜ በቢጫው የምግብ ዘይት ጀሪካን ነው። በጀሪካኑ ግድግዳ ላይ የቀረው የምግብ ዘይት በሞተር ሙቀት ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ወደ ሙጫነት ይለወጣል። ታጥቦ ያልደረቀ ከሆነ ደግሞ ውኃ አለበት። ከበርሜል ወይም ከተከፈተ ጋሎን የተቀዳ ዘይት ራሱ ምን እንደሆነ አይታወቅም፤ ተጣርቶ የተመለሰ ያገለገለ ዘይትም ሊሆን ይችላል። ሁለት የታወቁ ዘይቶችን ከመደባለቅ አንድ ያልታወቀ ዘይት ብቻውን መጠቀም የበለጠ ያሰጋል።

ባጃጅና ሞተር ሳይክል

በባሕር ዳርም በቡሬም ዋናው መጓጓዣ በሆነው ባለ 4 ምት ባጃጅ አንዱ ዘይት ሞተሩን፣ ማርሹንና ፍሪሲዮኑን በአንድ ላይ ያገለግላል። የፍሪሲዮኑ ሸራዎች ዘይት ውስጥ የተነከሩ ናቸው። ለአውቶሞቢል የተሠሩ ቀጫጭን ዘይቶች ነዳጅ ለመቆጠብ መፋተግን የሚቀንስ ኬሚካል ስለሚጨመርባቸው በባጃጅ ላይ ሸራው መንሸራተት ይጀምራል። ሞተሩ ይጮኻል፣ ባጃጁ ግን ዳገት አይወጣም። ለዚህ የሚፈለገው የጃፓኑ መለኪያ “ጃሶ ኤም.ኤ” የተጻፈበት ነው፤ “ኤም.ቢ” የተባለው መፋተጉ ዝቅ ያለ ስለሆነ አይሆንም። ፍሪሲዮን ሳይቀየር በፊት በቅርቡ ምን ዘይት እንደገባ መጠየቅ ወጪ ያድናል።

ዘይት ጎድሎ ሲገኝ

መኪናውን ሜዳ ላይ ማቆም፣ ሞተሩን አጥፍቶ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ መጠበቅ፤ ከዚያ የዘይት መለኪያ ዘንጉን አውጥቶ በጨርቅ ጠርጎ እንደገና አስገብቶ ማየት። በብዙ አውቶሞቢሎች በታችኛውና በላይኛው ምልክት መካከል ያለው ልዩነት 1 ሊትር ገደማ ነው። ስለዚህ ዘይቱ በመካከል ላይ ከሆነ የሚጎድለው ግማሽ ሊትር ነው። ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ ያለው ምርጫ ግልጽ ነው፤ ካልተስማማ የሞተር ዘይት ጋር መሄድ ያለ ዘይት ከመሄድ በብዙ እጥፍ ይሻላል። ፖምፓው አየር መሳብ ሲጀምር ተሸካሚዎቹ በደቂቃዎች ውስጥ ይበላሉ።

ሲመረጥ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ የአገልግሎት ፊደሉ (“ኤስ” ወይም “ሲ”)፣ ቀጥሎ የኋለኛው ቁጥር፣ ከዚያ የፊተኛው፣ በመጨረሻ ሲንተቲክ ወይም ሚኒራል መሆኑ። የምርት ስሙ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል። ከ200 እስከ 300 ሚሊ ሊትር እየጨመሩ መለካት ይሻላል፤ ከላይኛው ምልክት ካለፈ ክራንክ ሻፍቱ ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋል፣ አረፋ ደግሞ ግፊት አይይዝም። የገባውን ዓይነት፣ መጠንና ኪሎ ሜትሩን መጻፍም ይጠቅማል።

የተለየው ዘይት ከጠቅላላው ሩብ በላይ ከሆነ የመቀየሪያውን ጊዜ በግማሽ ማሳጠር ምክንያታዊ ነው። ሰኔ ላይ ሲንተቲክ አስገብቶ ሙሉውን ኪሎ ሜትር መጠበቅ፣ በመካከሉ ግን ሚኒራል ሲጨምሩ መክረም ሒሳቡ አይገጥምም፤ የዘይቱ ዕድሜ የሚለካው በደካማው ነው። በ1,000 ኪሎ ሜትር 1 ሊትር የሚበላ ሞተር ከሆነ ደግሞ ችግሩ ከዘይቱ ዓይነት አልፏል፤ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም የባልቦላ ላስቲኩ ይታይ።

መካኒኮችና አምራቾች የሚለያዩበት

ጠንቃቃ መካኒኮች “ምንም አትደባልቁ” ሲሉ የሚያነሱት ምክንያት ክብደት አለው። እያንዳንዱ ዘይት የተፈተነው በራሱ ቀመር ነው፤ የሁለት ፋብሪካ አዲቲቮች በአንድ ብረት ላይ ለመለጠፍ ሲሻሙ የሚሰጡትን ጥበቃ ማንም አልለካውም። አምራቾችም ዋስትና ላለው መኪና ከመመሪያው ውጭ የሆነውን አይቀበሉም። በሌላ በኩል የአብዛኞቹ አምራቾች መመሪያ መጽሐፍ ራሱ በችግር ጊዜ ሌላ ዘይት መጨመርን ይፈቅዳል። ሚዛኑ ወደ ሁለተኛው ያጋድላል፤ በድብልቁ የሚጠፋው የጥበቃው ጥራት እንጂ ጥበቃው ራሱ አይደለም። ዋስትናው ካለቀ 15 ዓመት ያለፈው መኪና ላይ የመጀመሪያውን አቋም እንደ ሕግ መያዝ ባለንብረቱን ዘይት ሳይጨምር እንዲነዳ ይገፋዋል፤ ይህ ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው።

የተሳሳተ ዘይት ከገባ

የማርሽ ዘይት ወይም የፍሬን ዘይት ሞተር ውስጥ ከገባ ሞተሩን አለማስነሳት ነው። ሳይነሳ ከተደረሰበት ኮፓው ላይ ያለውን ታፖ ፈትቶ ሙሉ በሙሉ ማፍሰስ፣ ከ20 ደቂቃ በላይ እንዲንጠባጠብ መተው፣ ርካሽ ነገር ግን ትክክለኛ ደረጃ ያለው ዘይት መሙላት፣ ሳይጫን ለ5 ደቂቃ ገደማ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ማስኬድ፣ ከዚያ ያንንም አፍስሶ በአዲስ ፊልትሮ ዋናውን ዘይት መሙላት። የማርሽ ዘይት ገብቶ ትንሽ ተነድቶ ከሆነም አሠራሩ ያው ነው፤ የመጨረሻውን ዘይት ግን ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ መልሶ መቀየር ይገባል። የፍሬን ዘይት ገብቶ ከተነዳ ግን ማጠብ ብቻ አይበቃም፤ ያበጡት ላስቲኮች በቀናት ውስጥ ማንጠባጠብ ስለሚጀምሩ መኪናው ከጋራዥ ከወጣ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል በየማለዳው ከሥሩ ያለው መሬት ይታይ።